ባዛሩ ካለቀ በኋላ፦ የወጣቶችን የልብ አስተያየት ሰብስቦ ክረምቱን ማቀድ

ግንቦት ላይ ነው። ወንበሮቹ ተደራርበዋል፣ የድንኳኑ ገመድ እየተፈታ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ መቶ ምናምን የአስተያየት ወረቀት ተከምሯል። አንዱን አነሳሁ። «በጣም ጥሩ ነበር፣ በዚሁ ቀጥሉ» ይላል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ተጨምሯል። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሐምሌ መጀመሪያ የክረምት በጎ ፈቃድ ሥራው ተጀመረ። ከተመዘገቡት ውስጥ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያን ጊዜ ወረቀቶቹን መልሼ አየኋቸው። ወጣቶቹ ለምን እንደቀሩ የሚጠቁም አንድም መስመር የለም። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። እኛ የጠየቅነው «ባዛሩን እንዴት አገኛችሁት?» ብለን ነው። ቤታችሁ የጠራችሁትን እንግዳ ወጡ እንዴት ነው ብትሉት ምን ይላል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ።

ከዚያ በኋላ በሠራንባቸው ዓመታት አጠያየቃችንን ቀየርን። ያየሁትን እዚህ አስቀምጣለሁ። ባዛር የምለው የሚሸጥበትን አይደለም። ማህበራት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ደም ባንክ፣ ቀይ መስቀል ጠረጴዛ ዘርግተው ወጣቱን «ኑ፣ አብረን እናገልግል» የሚሉበትን ነው። ደብዳቤ ላይ አውደ ርዕይ ይባላል፤ ሰፈር ውስጥ ግን ሁሉም ባዛር ነው የሚለው።

ደረጃ 1፦ መልሱ ምን እንደሚቀይር አስቀድማችሁ ጻፉ

መጠይቅ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ባዶ ወረቀት አውጡ። ክረምት ላይ የምትወስኗቸውን ነገሮች ዘርዝሩ። ሥራው ስንት ሰዓት ይጀመር? በሳምንት ስንት ቀን? የት? ማን ይምራው? ያለችውን ትንሽ ብር ለታክሲ እንስጥ ወይስ ለቁርስ?

አሁን ልትጠይቁ ያሰባችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ እዚህ ዝርዝር አጠገብ አድርጉት። መልሱ «አዎ» ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ? «አይ» ቢሆንስ? በሁለቱም የምታደርጉት አንድ ከሆነ ጥያቄውን ሰርዙት። «የመክፈቻው ሙዚቃ እንዴት ነበር?» የሚለው እዚህ ጋ ይወድቃል።

የተወሰነ ነገርንም አትጠይቁ። ወረዳው የሰጣችሁ አዳራሽ አንድ ብቻ ከሆነ «የት ይሁን?» ማለት ወጣቱን መሸንገል ነው። አንዴ ጠይቃችሁት፣ ሐሳቡን ሰጥቷችሁ፣ ምንም ካልተቀየረ በሚቀጥለው ዓመት ወረቀታችሁን አይነካም።

ደረጃ 2፦ ማንን እንደምትጠይቁ ወስኑ

ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት እስከ መጨረሻው የቆዩት ናቸው። እነሱ ደግሞ ከመጀመሪያውም የወደዱት ናቸው። የሚያስፈልጓችሁ ሌሎቹም ናቸው፤ መጥቶ ሳይመዘገብ የሄደ፣ ተመዝግቦ የሚያመነታ፣ ጭራሽ ያልመጣ። ቤት ያሉ ወላጆችንም አትርሱ፤ በተለይ የሴት ልጆችን ወላጆች።

ዕድሜን ለይታችሁ ያዙ። የኢትዮጵያ የወጣቶች ፖሊሲ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ወጣት ያለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ደግሞ እስከ 35 ይወስደዋል። የትኛውንም ብትይዙ በአንድ ወረቀት ላይ «ወጣት» ብላችሁ የምትጨፈልቋቸው ሰዎች ኑሯቸው ለየቅል ነው። የ16 ዓመቷ ተማሪ እናቷን አስፈቅዳ ነው የምትወጣው። የ27 ዓመቱ ልጅ ያለው ሊሆን ይችላል። ከ15–17፣ ከ18–24 እና ከ25–29 ብላችሁ ብትከፍሉ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ መመዝገቢያውን ከባዛሩ በፊት አስተካክሉ

በኋላ ደውላችሁ የምትጠይቁት ስልክ ካላችሁ ነው። ስለዚህ የአስተያየት ሥራ የሚጀምረው በር ላይ ነው።

አንድ ዓመት የመመዝገቢያው ደብተር ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ዋለ። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ሁሉም ይታያል። ተራ የሚጠብቅ ሰው ከላይ ያሉትን ማንበብ ይችል ነበር። ማታውኑ ሁለት ሴት ልጆች የማያውቁት ሰው ደወለላቸው። ቁጥራቸውን ከዚያ ደብተር ነበር ያገኘው። ልጆቹ ተመልሰው አልመጡም፤ ልክም ናቸው። ያን ቀን የሠራነው ስህተት እስከ ዛሬ ያመኛል።

ደብተር ተዉ። ትንንሽ ካርድ አዘጋጁ፣ አንድ ሰው አንድ ካርድ። ሞልቶ የተዘጋ ካርቶን ውስጥ በቀዳዳ ይከተዋል። ካርዱ ላይ ስም፣ የዕድሜ ክልል፣ ስልክ፣ በምን ቢገኝ እንደሚሻለው (ጥሪ፣ መልእክት፣ ቴሌግራም) እና አንድ መስመር ይኑር፤ «ስለ ባዛሩና ስለ ክረምቱ ሥራ ብትደውሉልኝ እስማማለሁ።» ፈቃደኛ የሆነ ምልክት ያደርጋል፣ ያልሆነ ይተወዋል። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው ስልክ ስትይዙ ለምን እንደያዛችሁት መናገር አለባችሁ፤ ላልተናገራችሁት ነገርም አትጠቀሙበትም። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት የወላጅ ስልክና ፈቃድ ጨምሩ።

ደረጃ 4፦ በዕለቱ መውጫው ላይ በሽምብራ አስመርጡ

መውጫ በር ላይ ማንም ወረቀት መሙላት አይፈልግም። ታክሲው፣ ጓደኛው፣ ፀሐዩ ይጠራዋል። ሽምብራ ግን አሥር ሰከንድ ነው።

አራት ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፣ የሁለት ሊትሩን። አንገታቸውን ቆርጣችሁ አፋቸውን አስፉት። በጋዜጣ ሙሉ በሙሉ ጠቅልሏቸው። ይህን እንዳትረሱ። የመጀመሪያ ጊዜ ሳንጠቀልል አስቀመጥናቸውና ሰው ሁሉ ሽምብራ ወደበዛበት ይጥል ነበር። በእያንዳንዱ ላይ በትልቁ ጻፉ። አንዱ ላይ «ተመዝግቤያለሁ፣ እመጣለሁ»፣ ሁለተኛው ላይ «ተመዝግቤያለሁ፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም»፣ ሦስተኛው ላይ «የሚሆነኝ አላገኘሁም»፣ አራተኛው ላይ «ፈልጌ ነበር፣ ግን አልችልም» በሉ። ለማያነብ ሰው ሥዕል ጨምሩበት።

ጠርሙሶቹ ከመጋረጃ ወይም ከሰሌን ጀርባ ይሁኑ። አስተባባሪ አጠገባቸው አይቁም። በር ላይ አንድ ልጅ ለሚወጣው ሁሉ አንዳንድ ሽምብራ ብቻ ይስጥ። ለሴቶች ሽምብራ፣ ለወንዶች ባቄላ ብታደርጉት ደግሞ ስትቆጥሩ በጾታ ተለይቶ ታገኙታላችሁ።

አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ስትቆይ ጨርቁ ወዲያ ተንሸራቶ አየኋት። ሽምብራዋን በሁለት ጣቷ ይዛ አንደኛው ጠርሙስ ላይ አደረሰቻት። መለሰቻት። ሁለተኛው ላይ ጣለች። «እርግጠኛ አይደለሁም።» ወረቀት ብንሰጣት «እመጣለሁ» ብላ ነበር የምትጽፈው። የሁለተኛው ጠርሙስ ሰዎች ናቸው ክረምቱን የሚወስኑት። የቀረው ሥራችሁ በአብዛኛው የእነሱ ነው።

ደረጃ 5፦ መጠይቁን እንደምትናገሩት ጻፉት

አጭር ይሁን። ስድስት ሰባት ጥያቄ፣ አንድ ገጽ። አማርኛው የሰው አማርኛ ይሁን። «የመርሐ ግብሩ አጠቃላይ የእርካታ መጠን» የሚል ሐረግ ያየ ልጅ ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል።

አማርኛ ሲጻፍ ደግሞ አንድ ችግር አለ። «ወደድከው?» ብላችሁ ብትጽፉ ሴቶቹን ገና ከበሩ መልሳችኋቸዋል። «ወደድከው/ወደድሽው» ብትሉ ገጹ በመስመር ይሞላል። «ወደዱት?» ደግሞ ለ16 ዓመት ልጅ ቢሮ ቢሮ ይሸታል። እኛ ያገኘነው መውጫ ጥያቄውን በመላሹ አንደበት መጻፍ ነው። ዓረፍተ ነገሩን እናንተ ትጀምሩታላችሁ፣ እሱ ይጨርሰዋል። እንዲህ፦

ባዛሩ ላይ የቆምኩባቸው ጠረጴዛዎች፦ …
ልመዘገብ ፈልጌ የተውኩት ሥራ፦ … የተውኩበት ምክንያት፦ …
ክረምት ላይ ቤት ወይም ሥራ ቦታ የምፈለግባቸው ሰዓታት፦ …
በሳምንት ልሰጥ የምችለው፦ 2 ሰዓት / ግማሽ ቀን / አንድ ቀን / ከዚያ በላይ / አሁን አልችልም
ልመጣ ብዬ ሊያስቀረኝ የሚችል አንድ ነገር፦ …
ሌላ ሰው ከሚያቅደው እኔ ራሴ ባቅደው የምወደው፦ …
ዕድሜዬ እና ጾታዬ፦ …

ስም አይጻፍበት። «ያልወደድኩት ነገር» አላልንም፤ «ሊያስቀረኝ የሚችል» ነው ያልነው። ይሉኝታ የያዘው ሰው ባዛራችሁን አይነቅፍም፤ ስለ ራሱ ችግር ግን ይነግራችኋል። «እህቴን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ነኝ» ይላል። የፈለጋችሁት ይኸው ነው።

ሁለት ጥያቄ በአንድ አትጨምቁ። «ሰዓቱና ቦታው ይመቻል?» ብላችሁ «አይ» ቢላችሁ የቱ እንዳልተመቸው በምን ታውቃላችሁ? ሰዓት ስትጽፉ ደግሞ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብላችሁ በእኛ አቆጣጠር ጻፉ። በኦንላይን ቅጽ የሰዓት መምረጫ ብትጠቀሙ ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ያቀርብላቸውና ግማሹ በዚያ፣ ግማሹ በዚህ ይሞላዋል። ሰዓቱን በቃል ጽፋችሁ አማራጭ ብታደርጉት ይሻላል። አካባቢያችሁ አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ከሆነ መጠይቁን በዚያም አውጡት፤ በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ይተርጉመው።

ከማተማችሁ በፊት ለአምስት ልጆች አስሞሉት። የት ላይ እንደሚቆሙ ዓይናቸውን ተከተሉ። የቆሙበትን ጥያቄ እንደገና ጻፉት።

ደረጃ 6፦ በቶሎ ላኩ፣ ከዚያ ደውሉ

ሁለት ቀን ሳያልፍ መጠይቁን ላኩ። ሳምንት ካለፈው ባዛሩ ይደበዝዛል። ከተማ ውስጥ ቴሌግራም ላይ ያልሆነ ወጣት ማግኘት ይከብዳል፤ ቡድን ካላችሁ እዚያው ድምፅ መስጫ አውጡ። ስም የማይታይበት መሆኑን አረጋግጡ፤ ሰው ጓደኞቹ እያዩት «አልመጣም» አይልም። ረዘም ያለው መጠይቅ በጉግል ፎርም ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ በማይረባበት አካባቢ ኮቦ የሚባለው መተግበሪያ ይረዳል። ያለ ኢንተርኔት ተሞልቶ ኋላ ኔት ሲገኝ ይላካል።

ነገር ግን የኢንተርኔት መልስ ዳታ ያለው ሰው መልስ ነው። ሊንኩን የሚከፍተውም በአብዛኛው ቀድሞውንም የፈለገው ልጅ ነው። ስለዚህ ካርዶቹን አደባልቁና ከየዕድሜው ክልል ጥቂት ጥቂቱን ሳታዩ አውጡ። ለእነዚያ ደውሉ። ሠላሳ ጥሪ መልስ ከሌላቸው ሦስት መቶ ሊንኮች ይበልጣል። ሌላ ጊዜ ራሳቸው ሊደውሉላችሁ የሚፈልጉ ካሉም «ሚስኮል አድርጉ፣ እኛ እንደውላለን» በሏቸው። የካርድ ብሩን በጀት ውስጥ ያዙ።

ደዋዩ ባዛሩን ያዘጋጀ ሰው አይሁን። የእነሱ እኩያ ይሁን። የሚጠይቀው ደግሞ ምን እንዳደረጉ እንጂ ምን እንደተሰማቸው አይደለም። አንድ ጥሪ እንዲህ ሄደ፦

«ሄሎ፣ ሰላም ነው? ከወጣት ማዕከሉ ነው፣ ቅዳሜ ባዛር ላይ ካርድ ሞልተህ ነበር። አምስት ደቂቃ አለህ?»
«አለኝ።»
«የት የት ጠረጴዛ ላይ ቆምክ?»
«ምን መሰለሽ፣ መጀመሪያ ደም ባንክ ጋ ቆምኩ። 18 ካልሞላህ አትችልም አሉኝ። ከዛ ማስጠናት የሚሉት ጋ ሄድኩ።»
«እዛ ተመዘገብክ?»
«አይ፣ ተውኩት።»

ደዋይዋ ዝም አለች። ይህን ዝምታ አስተምሯቸው። አምስት ሰከንድ ነው፤ ስልክ ላይ ግን ይረዝማል። ብዙ ሰው «እሺ፣ ችግር የለም» ብሎ ይሞላዋል። እሷ አልሞላችውም።

«…እ… ምን መሰለሽ፣ 10ኛ ክፍል ነኝ። ሂሳብ እኔም ብዙ አይገባኝም። ልጆቹ ቢጠይቁኝስ ብዬ።»

ይህ ልጅ ወረቀት ላይ «ጊዜ የለኝም» ነበር የሚለው። ከእሱና ከመሰሎቹ ጥሪ ነው ለ2ኛና ለ3ኛ ክፍል ልጆች ተረት የማንበብ ሥራ የጀመርነው። ለዚያ ሂሳብ ማወቅ አያስፈልግም።

ስልኩን እናት ቢያነሱስ? አትዝጉ። «እንደምን አመሹ እትዬ፣ ከወጣት ማዕከሉ ነው፣ ልጅዎ ለክረምት በጎ ፈቃድ ስሟን ሰጥታን ነበር፤ እርስዎንም መጠየቅ ፈልገን ነው» በሉ። ከዚያ በስንት ሰዓት ብትመለስ እንደሚመቻቸው ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ልጅቷ የምትመጣው ወይም የምትቀረው በዚያ መልስ ነው።

ደረጃ 7፦ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ

ወረቀትና ስልክ ምን እንደሆነ ይነግራሉ። ለምን እንደሆነ የሚገባችሁ ስትቀመጡ ነው።

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው በአንድ ጊዜ። ሴቶችን ለብቻ፣ ወንዶችን ለብቻ፤ ትንንሾቹን ለብቻ። ሴቶቹ ጋ ሴት ትምራው። ሲቀላቀሉ ሁለት ወንዶች ያወራሉ፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ወንበር በክብ ይሁን፤ የክብር ቦታ አይኑር። የወረዳ ኃላፊ፣ ርዕሰ መምህር፣ የማህበር ሊቀመንበር፣ ማንም ይሁን፣ እዚያ ክፍል ውስጥ አይግባ። ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። ግን እሱ እዚያ ተቀምጦ ማንም «አዳራሹ በር ላይ ያለው ዘበኛ ያመናጭቀናል» አይልም።

ቡናው እንዲያው ለወግ አይደለም። አቦል እስኪደርስ ቀላል ቀላሉ ይወራል፤ ማን የት ቆመ፣ ምን አየ። ቁም ነገሩ ቶና ላይ ይመጣል። አትቸኩሉ። ዳቦና ፈንዲሻ በቂ ነው፤ በጾም ቀን ወተትና ቅቤ የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ። የታክሲ ሒሳብ ለሁሉም እኩል ስጡ፣ ለመልሳቸው ሳይሆን ለመንገዳቸው።

አንድ ሰው ይምራ፣ አንድ ሰው ይጻፍ። የሚጽፈው በራሳቸው ቃል ይጻፍ። «ተሳታፊዋ የደህንነት ስጋት አላት» ብሎ ከሚተረጉም «ማታ ከድልድዩ ወዲህ መብራት የለም» ያለችውን እንዳለች ያስቀምጥ። ድልድይ ላይ መብራት ማስገባት ወይም ሰዓቱን ቀደም ማድረግ ይቻላል። «የደህንነት ስጋት» ግን ምን ይደረግለታል?

ለእኔ የሠሩልኝ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። «ጓደኛህ ባዛሩን እንዴት ነበር ቢልህ ምን ትለዋለህ?» ሰው ስለ ጓደኛው ሲያወራ ይሉኝታው ይላላል። «ባለፈው ክረምት የጀመረና ያቋረጠ ታውቃላችሁ? ምን ሆነ?» እና «አሥር ሺህ ብር ብትሰጡና ክረምቱን አቅዱ ብትባሉ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?» የሚሉ። ሦስተኛው ላይ ክፍሉ ይሞቃል።

ደረጃ 8፦ ያልመጡትን ባሉበት ፈልጉ

ይህ ደረጃ ሁልጊዜ ይዘለላል። አትዝለሉት። ኳስ ሜዳ፣ ታክሲ ተራ፣ ጀበና ቡና፣ ጫማ የሚያሳምሩ ልጆች ጋ ሂዱ። በእነሱ ሰዓት ሂዱ፤ የታክሲ ረዳትን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሥራ ይዞታል። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ባዛሩን ሰምቶ ነበር ወይ፣ ሰምቶ ከሆነስ ምን አስቀረው? ሃያ ሰው በቂ ነው። ዊልቸር የሚጠቀም ወይም በነጭ ዘንግ የሚሄድ ወጣት አካባቢያችሁ ካለ ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት። አዳራሹ በር ላይ ያሉት አራት ደረጃዎች መልሱን ነግረውት ይሆናል።

ደረጃ 9፦ መልሱን አብራችሁ አንብቡ

ወረቀቶቹን አንድ ሰው ቤቱ ወስዶ «ሪፖርት» አያውጣ። ሦስት አራት ሰው ተቀመጡ፣ ግማሹ ወጣት ይሁን። አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ። እያንዳንዱን ሐሳብ በትንሽ ወረቀት ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የሚመሳሰሉትን አጠጋጉ። ስም የምትሰጧቸው በመጨረሻ ነው።

ቁጥሩን ስትደምሩ አማካዩ እንዳያታልላችሁ። ለምሳሌ ያህል መቶ ልጆች መለሱ እንበል፣ 60 ወንድ፣ 40 ሴት። «ቅዳሜ ከሰዓት ይመቸኛል» ያሉት 70 ናቸው። ደስ ይላል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን! ቆይ፣ ክፈሉት። ከወንዶቹ 55፣ ከሴቶቹ 15 ቢሆኑስ? ከ40 ሴቶች 25ቱን በራሳችሁ እቅድ አስቀራችኋቸው ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ልብስ አለ፣ ቤት አለ። ሁልጊዜ በጾታና በዕድሜ ክፈሉ።

«ከወጣቱ 70 በመቶው» ከማለታችሁ በፊትም ስንት ሰው እንደመለሰና እንዴት እንደተመረጠ ተመልከቱ። ከብዙ ሕዝብ ውስጥ በዕጣ የወጡ 100 ሰዎች መልስ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ነጥብ ያህል ሊዛነፍ ይችላል። 400 ሲሆኑ ወደ 5 ነጥብ ይጠባል። በዕጣ ሳይሆን ራሳቸው ፈልገው የመለሱ ከሆነ ግን ቁጥሩ ቢበዛም አይታመንም። ያን ጊዜ «ከመለሱልን 90 ሰዎች 63ቱ» በሉ። ሐቀኛ ነው፣ ለእቅድም ይበቃል።

አንድ ሰው ብቻ የተናገረውንም አትጣሉ። ስለ አዳራሹ በር አራት ደረጃዎች የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 10፦ ከመልሱ ወደ እቅዱ

ሰፊ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ። ምን ሰማን፣ ምን እንቀይራለን፣ ማን እስከ መቼ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነ መስመር እቅድ አይደለም፣ ምኞት ነው። እንዲህ ሊሆን ይችላል። «ማታ ከድልድዩ ወዲህ መብራት የለም» ሲሉ ሰማን፤ የማስጠናቱ ሥራ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ 10 ሰዓት ያበቃል፤ የማስጠናቱ ቡድን ተጠሪ እስከ ሰኔ 15 ለወላጆች ያሳውቃል።

የቀን መቁጠሪያውን አጠገባችሁ አድርጉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ጊዜ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ይውላል፤ ተፈታኞቹን ከዚያ በፊት አትቁጠሩባቸው። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ይጀምራል፤ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ልጆች ከሰዓት ሥራ ይከብዳቸዋል። ዓርብ ጁምዓን አትንኩ። ችግኝ ተከላ ዝናብ ይፈልጋል፣ የአረጋውያን ቤት ማደስ ደግሞ ዝናብ ያበላሸዋል፤ ጣሪያውን በሰኔ፣ ችግኙን በሐምሌ አድርጉት።

ሥራውን በትንንሹ ቁረጡት። በሳምንት 2 ሰዓት ብቻ ያለው ልጅ 2 ሰዓት የምትበቃ ሥራ ይፈልጋል። «ሙሉ ክረምት ወይም ምንም» ካላችሁት ምንም ይላችኋል። ለ15–17 ዓመቶቹም የራሳቸው ሥራ ይኑር፤ ደም ልገሳ ለእነሱ ዝግ ነው፣ ለጋሾችን መቀበልና ውኃ ማቅረብ ግን ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ወሳኙን ወንበር ስጧቸው። ሮጀር ሃርት የተባሉ ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. በዩኒሴፍ በኩል ባወጡት ጽሑፍ የልጆችንና የወጣቶችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል አሳይተውታል። ታችኞቹን ሦስት እርከኖች ተሳትፎ ብለው አልቆጠሯቸውም። ከሦስቱ አንዱ ወጣትን ለማስጌጫ መጠቀም ነው፤ ቲሸርት አልብሶ ማስጨብጨብ። አገራችን ውስጥ ይህን ስንቴ አይተናል? እቅድ አውጪ ኮሚቴውን ስትመርጡ ቢያንስ ግማሹ ባዛሩ ላይ ከሰማችኋቸው ወጣቶች ይሁን። አንዷ እንደ ሁለተኛው ጠርሙስ ሰዎች የምታመነታ ትሁን። የገንዘቡን የተወሰነ ክፍል፣ ትንሽም ቢሆን፣ እነሱ ብቻ ይወስኑበት። ስብሰባውንም እነሱ በሚችሉት ሰዓት አድርጉ፤ በሥራ ሰዓት የተጠራ ስብሰባ ላይ ተማሪ አይገኝም።

ደረጃ 11፦ የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሯቸው

ሦስት ሳምንት ሳያልፍ። አንድ ገጽ፣ በትልቅ ጽሑፍ። «ይህን አላችሁን። ይህን ቀየርን። ይህን መቀየር አልቻልንም፣ ምክንያቱ ይህ ነው።» ቴሌግራም ላይ ላኩት፣ ወጣት ማዕከሉ በር ላይ ለጥፉት፣ ታክሲ ተራም ውሰዱት። ሦስተኛውን ክፍል አትተዉት። አዳራሹ በር ላይ መወጣጫ ለመሥራት በዚህ ዓመት ብር ካልተገኘ እንደዚያው ጻፉ፤ በምትኩ ምድር ቤት ያለውን ክፍል እንደምትጠቀሙ ጨምሩ።

የሰው ቃል ስትጠቅሱ በራሱ ቃል ጥቀሱ፣ ስሙን ግን አታውጡ። ጥቅሱ ከማን እንደመጣ የሚያስታውቅ ከሆነ መጀመሪያ አስፈቅዱት።

ክረምቱ ጳጉሜ ላይ ሲዘጋ ደግሞ ከመጠይቁ ሦስት ጥያቄዎችን እንደገና ጠይቁ፣ ቃላቸውን ሳትቀይሩ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሰጡ፣ ምን እንዳስቀራቸው፣ ራሳቸው ሊያቅዱ የሚፈልጉት ምን እንደሆነ። የግንቦቱን ከጳጉሜው አጠገብ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጠርሙሶቹን አትጣሉ፣ ለሚቀጥለው ይሆናሉ። ስልክ የተጻፈባቸውን ካርዶች ግን ሥራው ሲያልቅ ቀድዳችሁ አቃጥሏቸው፤ በስልካችሁ ያስቀመጣችሁትንም ዝርዝር አጥፉ። ለሚቀጥለው ዓመት መቆየት የሚፈልግ ካለ አዲስ ካርድ ራሱ ይሙላ።